ልጃችሁ በድጋፍ ሥራ ይዞ እንዲቆይ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሌላ የዕድገት እክል ያለበትን ልጅ ሥራ ማስያዝ ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ማመልከቻ ካስገባ በኋላ የመጣለት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይነበብ ቀኑ ያልፍበታል። የሌላው ልጅ ይቀጠራል፤ ዘመድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ሳይጨርስ አጠገቡ ቆሞ ሲያሠለጥነው የነበረው ጆብ ኮች ይወጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ልጁም ይሰናበታል። ብዙ ጊዜ የዚህ ምክንያቱ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ድጋፍ የሚከፍለውና ከዚያ በኋላ ያለውን የሚከፍለው ቢሮ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛውን በጊዜው የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጨረሻው አንዲት ጥያቄ ከአፋችሁ አትጥፋ፦ «ይህ ገንዘብ ሲያልቅ የኮቹን ሰዓት ማን ይከፍላል?»

በሌላ ስቴት የምትኖሩም ቅደም ተከተሉን መጠቀም ትችላላችሁ፤ በአብዛኛው የሚለየው የቢሮዎቹ ስምና የወረፋው ርዝመት ነው።

## አስቀድሞ፦ ሁለቱን ቢሮዎች ለዩ

አንደኛው ቮኬሽናል ሪሃብ ነው። በሜሪላንድ ዶርስ፣ በቨርጂኒያ ዳርስ፣ በዲሲ አር ኤስ ኤ ይባላል። ምዘናውን፣ ሥራ ፍለጋውን፣ የመጀመሪያውን የጆብ ኮች ሰዓት፣ እንደ ሁኔታው የሥራ ልብስና ትራንስፖርት ይከፍላል። ገንዘቡ ግን የጊዜ ገደብ አለው። በፌዴራሉ ሕግ በድጋፍ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው አገልግሎት በመደበኛው እስከ 24 ወር ነው። ሥራው ረግቶ የረጅም ጊዜ ድጋፉ ወደ ሌላ ከፋይ ከተላለፈ፣ ቢያንስ 90 ቀን ከተጠበቀ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል።

ሁለተኛው የዕድገት እክል ቢሮ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ዲ ዲ ኤ ይባላል፤ በቨርጂኒያ መግቢያው በየአካባቢው ያለው ሲ ኤስ ቢ የሚባለው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ ነው። ለዓመታት የሚዘልቀውን ድጋፍ የሚከፍለው ይህ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ሜዲኬይድ ዌቨር በሚባለው፣ በመንግሥት የጤና መድን (ሜዲኬይድ) ሥር ባለ የድጋፍ ፕሮግራም በኩል ይመጣል። ዌቨር መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ወዲያው አይሰጥም። ወረፋ ባለበት ቦታ ዓመታት ሊያስጠብቅ ይችላል።

## ደረጃ 1፦ ዕድሜውን ቁጠሩ

14 ዓመት። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒ (ለልዩ ትምህርት ተማሪ የሚጻፈው ዕቅድ) ስለ ወደፊት ሥራው መያዝ ያለበት ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ 16 ይላል። ስብሰባው ላይ «ፕሪ ኢትስ ይጀመርለት» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ የአካል ጉዳት ወይም እክል ላለባቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የሥራ ዝግጅት ነው፦ የሥራ ዓይነቶችን ማየት፣ በእውነተኛ የሥራ ቦታ መለማመድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ስላለው ትምህርት ምክር ማግኘት፣ የሥራ ቦታ ሥነ ሥርዓት መማር፣ ስለ ራሱ መናገር መቻል። ለዚህ ሙሉ የቮኬሽናል ሪሃብ ማመልከቻ ተቀባይነት እስኪያገኝ መጠበቅ የለባችሁም።

18 ዓመት። ከዚህ ቀን ጀምሮ ፊርማው የራሱ ነው። ቢሮው «ከእናንተ ጋር መነጋገር አንችልም» ሲል ብዙ ወላጅ ደንግጦ በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት ይጠይቃል። አትቸኩሉ። ሞግዚትነት የልጁን መብት ከእጁ የሚወስድ ከባድ እርምጃ ነው። መረጃ እንዲሰጣችሁና ስብሰባ እንድትገቡ፣ እሱ የሚፈርመው የፈቃድ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሦስቱም ቦታዎች ልጁ በመረጣቸው ሰዎች እየታገዘ ራሱ የሚወስንበትን አሠራር በሕግ ይቀበላሉ፤ መጀመሪያ ስለዚህ ጠይቁ። ሌላም የሚለወጥ አለ፦ 18 ከሞላው በኋላ ለኤስ ኤስ አይ፣ ማለትም ሶሻል ሴኩሪቲ እክል ላለባቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በየወሩ ለሚሰጠው ገንዘብ፣ የወላጅ ገቢ አይቆጠርም። በልጅነቱ «ገቢያችሁ ከልክ በላይ ነው» ተብላችሁ ከነበረ እንደገና አመልክቱ። የስደት ሁኔታው ግን ብቁነቱን ስለሚወስን፣ ዜግነት ያልያዘ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት የሕግ ምክር አግኙ።

21 እና 22 ዓመት። የልዩ ትምህርት መብት የሚያበቃው እዚህ አካባቢ ነው። በሜሪላንድ ከትምህርት ቤት ለሚወጡ ወጣቶች ከ21ኛ እስከ 22ኛ ልደታቸው ድረስ ለዲ ዲ ኤ ገንዘብ የተለየ ዕድል አለ። ያ ዓመት ካመለጠ የሚጠብቃቸው ተራው ወረፋ ነው።

ተጠንቀቁ፦ መደበኛውን ዲፕሎማ የተቀበለ ተማሪ የልዩ ትምህርት መብቱ በዚያው ያበቃል። በ18 ዓመቱ ጋውን ለብሶ ፎቶ መነሳቱ ደስ ይላል፤ ግን ቀሪዎቹን የሥራ ልምምድ ዓመታት ሊያሳጣው ይችላል። የትኛውን ወረቀት እንደሚቀበል ከአንድ ዓመት በፊት ጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ አንድ ማኅደር አዘጋጁ

እነዚህን በአንድ ወፍራም ፎልደር ሰብስቡ፤ ኮፒ እንጂ ዋናውን ለማንም አትስጡ።

1. መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሥራ ፈቃድ ወይም የዜግነት ማስረጃ።
2. የመጨረሻው አይ ኢ ፒና የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ምዘና።
3. የሐኪም ማስረጃ፣ የእክሉ ስም በግልጽ የተጻፈበት።
4. የዕለት ተዕለት ኑሮ ችሎታ ምዘና፦ ልብስ መልበስ፣ ገንዘብ፣ መንገድ፣ ንግግር። የዕድገት እክል ቢሮ ከፈተና ነጥብ ባልተናነሰ ይህን ይመለከታል።
5. ኤስ ኤስ አይ ካለው ገንዘቡ እንደተፈቀደለት የሚገልጸው ደብዳቤ (አዋርድ ሌተር)።
6. የሜዲኬይድ ካርድ።

በፌዴራሉ ትርጉም የዕድገት እክል የሚባለው ከ22 ዓመት በፊት የጀመረና የሚዘልቅ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ከሀገር ቤት ለመጣ ቤተሰብ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በልጅነቱ ምርመራ አልተደረገለትም፣ ወረቀት የለውም። የተማረበትን ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ያየውን ክሊኒክ ካርድ አስመጥታችሁ አስተርጉሙ። እሱም ካልተገኘ፣ በልጅነቱ የሚያውቀው ሰው መራመድ የጀመረበትን፣ የተናገረበትን፣ ከክፍል ወደ ክፍል ያላለፈበትን ዓመት ጠቅሶ ይጻፍ። ይህን ይዛችሁ ቮኬሽናል ሪሃብን «ያለን ማስረጃ ስለማይበቃ ምዘና ክፈሉልን» በሉ፤ ብቁነቱን ለመወሰን ያለው መረጃ ካልበቃ ምዘናውን ማስደረግ የእነሱ ኃላፊነት ነው።

## ደረጃ 3፦ ሁለቱን ማመልከቻ በአንድ ሳምንት አስገቡ

«መጀመሪያ ሥራ ያግኝ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል» አትበሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ይግቡ። ያስገባችሁበትን ቀን፣ የተቀበለውን ሰው ስም ጻፉ። በኢንተርኔት ከሆነ ማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ቮኬሽናል ሪሃብ ብቁ መሆን አለመሆኑን በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ብቁ ከተባለ በኋላ የሥራ ዕቅዱ በ90 ቀን ውስጥ መጻፍ አለበት። ሁለቱም ቀነ ገደቦች የሚራዘሙት በስምምነት ነው፤ አራዝመው እንዲፈርም ከጠየቁት ምክንያቱንና አዲሱን ቀን በጽሑፍ ያድርጉት።

ኤስ ኤስ አይ ወይም ኤስ ኤስ ዲ አይ (ለሶሻል ሴኩሪቲ በተከፈለ መዋጮ የሚገኘውን የእክል ክፍያ) የሚያገኝና መሥራት የሚፈልግ ሰው ለቮኬሽናል ሪሃብ ብቁ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ አዋርድ ሌተሩን ከላይ አድርጉት።

## ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እህቱን ወይም ወንድሙን አታስተርጉሙ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ መሠረቱ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በዲሲ ደግሞ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ደውላችሁ አረጋግጡ። ለአስተርጓሚው ስብሰባው ሳይጀመር ጉዳዩ ከልጅነት ጀምሮ ያለ የዕድገት እክል እንደሆነ ንገሩት። «የአእምሮ ሕመም» ብሎ ካስተላለፈው ፋይላችሁ ወደ ሌላ ክፍል ሊሄድ ይችላል።

ሳትሸፍኑ ተናገሩ። ያደግነው የልጅን ጉድለት ለባዕድ መዘርዘር ነውር ነው ተብለን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን መሸፈን ልጁን ይጎዳል። ገንዘብ ሲያጥር ቢሮዎቹ ከባድ እክል ያለባቸውን ያስቀድማሉ፤ «ሁሉን ይችላል፣ ጎበዝ ነው» የተባለለት ወደ ኋላ ይገፋል። «ራሱ ይታጠባል» ከማለት «ውሃውን እኔ አስተካክላለሁ፣ እያንዳንዱን ነገር በር ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ፤ ካልነገርኩት ሳሙናውን ይዞ ይቆማል» በሉ። ከባዱን ቀን ተርኩ።

ግን «መሥራት አይችልም» አትበሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር በሩን ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ተናገሩ፦ «መሥራት ይፈልጋል። ያለ ድጋፍ ግን አይዘልቅም።»

እሱ ይናገር። ካውንስለሩ (ፋይሉን የያዘው የቮኬሽናል ሪሃብ ባለሙያ) ሲጠይቀው ዝም ካለ እስከ አሥር ቁጠሩ እንጂ አትመልሱለት። መናገር የማይችል ከሆነ ፎቶ፣ ታብሌት ወይም የሚወደውን ሥራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይዛችሁ ግቡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ያቺን ጥያቄ ጠይቁ፤ የኮቹን ሰዓት በኋላ ማን ይከፍላል? «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካሉ፣ ከዲ ዲ ኤ ወይም ከሲ ኤስ ቢ ጋር የጋራ ስብሰባ የሚደረግበትን ቀን እንዲቆርጡ ጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ ምን እንደሚችል ጽፋችሁ አሳዩ

የምዘና ወረቀት ልጁ የማይችለውን ይዘረዝራል። የሚችለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ግን በዓይን የለመዳችሁት ነገር እንደ ችሎታ አይታያችሁም። ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ፤ በየቀኑ ሳይነገረው የሠራውን አንድ ነገር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየበት፣ ምን እንዳቋረጠው ጻፉ።

አንዲት ልጅ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተዘበራረቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እያገናኘች በመስመር ትደረድራለች እንበል። ቤተሰቡ «ተይ፣ የሰው ጫማ አትንኪ» ይላታል። ሥራ ለሚፈልግላት ድርጅት ግን ይህ ወርቅ መረጃ ነው፦ ተመሳሳዩን ከማይመሳሰለው ትለያለች፣ ሰው እየተረማመደባት ሥራዋን አታቋርጥም፣ ሳይጨርሱ መተው አትወድም። እንዲህ ያለች ልጅ የሆቴል አንሶላና ፎጣ ክፍል፣ የፋርማሲ መደርደሪያ፣ የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት መልሶ ማስገቢያ ትታያለች። ደንበኛ በብዛት የሚጮህበት ካሸር ቦታ አይደለም።

የማይሆነውንም ጻፉ፦ የሚያስፈራው ድምፅ፣ የማይታገሠው ሽታ፣ መቆም የሚችለው የሰዓት ርዝመት፣ መድኃኒቱ የሚያደክምበት ሰዓት።

## ደረጃ 6፦ ዕቅዱ ከመፈረሙ በፊት

ይህ ወረቀት አይ ፒ ኢ ይባላል። የትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒ ሌላ ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ፋይል ላይ እንዳይቀላቀሉባችሁ። በችኮላ አታስፈርሙ፤ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፣ በአስተርጓሚ አስነብቡ። ውስጡ እነዚህ መኖራቸውን እዩ፦

- ሥራው ዓይነቱ ተጠቅሷል? «ማንኛውም ሥራ» የሚል ግብ አትቀበሉ።
- ክፍያው ለሌላው ሠራተኛ ከሚከፈለው ያላነሰ፣ ቢያንስ የሕጉ ዝቅተኛ ክፍያ መሆኑ፣ ሥራውም እክል ከሌለባቸው ሰዎች ጋር መሆኑ።
- «ሰፖርትድ ኢምፕሎይመንት» የሚለው አገልግሎት በስሙ መጻፉ። ካልተጻፈ ልጁ የሚያገኘው ማመልከቻ የሚሞላለት ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።
- የኮቹ ሰዓት፣ የትራንስፖርት ሥልጠናው።
- የረጅም ጊዜ ድጋፉን የሚከፍለው ማን እንደሆነ። ቦታው ባዶ ከሆነ አይፈረም። ከ25 ዓመት በታች ለሆነና ሌላ ከፋይ ላልተገኘለት ወጣት ቮኬሽናል ሪሃብ ራሱ እስከ 4 ዓመት ሊቀጥል የሚችልበት መንገድ በሕጉ አለ፤ ስለዚህ መንገድ ጠይቁ።

## ደረጃ 7፦ ድርጅቱን ራሳችሁ ምረጡ

ቢሮው ሥራውን ለአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ይሰጣል። ምርጫው የልጃችሁ ነው፤ ዝርዝር ጠይቁ፣ ቢያንስ ሁለቱን አነጋግሩ። ብሮሹር አያታልላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት የእሱን ዓይነት እክል ያለባቸው ስንት ሰዎች አስቀጠራችሁ? ከእነሱ ውስጥ ዓመት የሞላቸው ስንት ናቸው? ኮች ሲታመም ማን ይተካል? ቮኬሽናል ሪሃብ ሲወጣ በዌቨር ገንዘብ ልትቀጥሉ ትችላላችሁ? የመጨረሻውን «አዎ» ያለ ድርጅት፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ይመረጥ፤ ልጁ የለመደው ሰው አይቀየርበትምና።

## ደረጃ 8፦ ሥራ ፍለጋና ኢንተርቪው

ድርጅቱ ብቻውን እንዲፈልግ አትተዉ። የእኛ ሰው በሆቴል፣ በሆስፒታል፣ በፓርኪንግ፣ በአየር ማረፊያ፣ በገበያ ሞልቷል። የእድሩን፣ የማኅበሩን ሰው «ሥራ ስጡልኝ» ከማለት «እናንተ ጋ ሠራተኛው ጊዜ እያጣ ሳይሠራ የሚቆየው የትኛው ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለድርጅቱ ስጡ፤ ከዚያ ሥራ ላይ ለልጁ የሚሆነውን ክፍል ቆርጦ ለአሠሪው ማቅረብ የእነሱ ሙያ ነው።

ተጠንቀቁ፦ «እኔ ሱቅ ይዋል፣ የሆነ ነገር በእጁ እሰጠዋለሁ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በቀናነት ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ያልተመዘገበ ክፍያ ከኤስ ኤስ አይ ጋር ያጣላል፣ እንደ ሥራ ልምድም አይቆጠርም። ዘመዱ በደሞዝ ወረቀት፣ በሕጉ ክፍያ ይቅጠረው።

ከኢንተርቪው በፊት አንድ ውሳኔ ይወሰን፦ እክሉ ይነገራል ወይስ አይነገርም? በሕጉ አሠሪው ቅጥሩን ከማቅረቡ በፊት ስለ እክል መጠየቅ አይችልም። ኮቹ አብሮ ከገባ ግን ሳይነገርም ታወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ምን እንደሚባል፣ ማን እንደሚለው ከልጁ ጋር ተስማሙ፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፦ «በቃል ብዙ ሲነገረኝ ይጠፋብኛል፣ አንዴ ሲያሳዩኝ ግን እሠራዋለሁ።» በንግግር የሚፈተን ኢንተርቪው የሚከብደው ከሆነ፣ በጥያቄ ፈንታ ሥራውን ሠርቶ እንዲያሳይ ድርጅቱ ይጠይቅለት። 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ምክንያታዊ ማመቻቸት ማድረግ አለበት።

## ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የሚያበላሸውም ትንንሽ ነገር ነው።

መንገዱን አስቀድሞ ይልመድ። የሥራው መጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱም መጀመሪያ ቀን አይሁን። ሜትሮ የአካል ጉዳትና እክል ላለባቸው ሰዎች ነጻ የመንገድ ሥልጠና ይሰጣል። ብቻውን አውቶቡስ መያዝ ለማይችል ሜትሮአክሰስ የሚባል በቀጠሮ የሚመጣ መኪና አለ፤ ማመልከቻው ሲሟላ ውሳኔው በ21 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት፣ ካልመጣ እስኪወሰን ድረስ አገልግሎቱን ማግኘት ይችላል። መኪናው ከተቀጠረበት ሰዓት ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል፣ ቀጠሮውን ሥራ ከሚጀምርበት ሰዓት በበቂ አስቀድማችሁ ያዙ።

በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ተናገሩ። እቤት «ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አለህ» እንላለን፤ ስልኩ 8፡00 ይላል፣ አለቃው «ኤይት» ይላል። ለእኛ ችግር የለውም። ቁጥርን ቃል በቃል ለሚይዝ ልጅ ግን ይህ የሚያስረፍድ ነው። ስለ ሥራው ስትነጋገሩ ሁላችሁም፣ አያትም ጭምር፣ ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

ሥራው ይበተን። ጥሩ ኮች ሥራውን ወደ ትንንሽ ደረጃ ከፍሎ ይጽፋል። ግሮሰሪ ጓዳ ውስጥ ካርቶን የሚያጥፍ ልጅን ውሰዱ፦ ካርቶኑን ገልብጥ፣ ቴፑን ከታች ቅደድ፣ አራቱን ጎን ተጫን፣ ጠፍጣፋውን ጋሪው ላይ በቁመቱ አቁም፣ ጋሪው ቀዩ መስመር ሲደርስ ግፋ። ልጁ ይህን ሁሉ በሚገባ ይሠራና ጋሪውን አድርሶ ይቆማል። እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየው ማናጀር «ሰነፍ ነው» ይላል። የጎደለው አንድ መስመር ነው፦ «ስትጨርስ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ሄደህ ‹ቀጥሎስ?› በል።» ያ መስመር በሥዕል ካርድ ላይ ተጨምሮ ኪሱ ይግባ። ኮቹ የጻፈውን ዝርዝር ኮፒ ጠይቁና የመጨረሻው መስመር «ከዚያስ?» የሚለውን መመለሱን አረጋግጡ።

የአስተዳደጋችንን ነገር ለኮቹ ንገሩት። ልጆቻችንን ታላቅ ሲናገር ዓይን መስበር እንደ ጨዋነት አስተምረናቸዋል፤ እዚህ አለቃው አልሰማኝም ብሎ ይወስደዋል። ቀና ማለት ካስቸገረው «እሺ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ እንዲመልስ አለማምዱት። የሚጾም ከሆነ ምሳው ምን እንደሚሆንና መቼ እንደሚበላ ኮቹ ይወቅ። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ የሚውሉበትን ቀን ካሌንደሩ ላይ ከወዲሁ ጻፉና ፈቃዱን ራሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጠይቅ።

እናንተ ሥራ ቦታው አትሂዱ። ከበር ማድረስና መመለስ ይበቃል። የምታዩት ነገር ካሳሰባችሁ ለኮቹ ደውሉ። እናቱ ከማናጀሩ ጋር የምትከራከርለት ሠራተኛ በባልደረቦቹ ዓይን ሕፃን ይሆናል።

## ደረጃ 10፦ ደሞዝና ኤስ ኤስ አይ

«ሥራ ከጀመረ ኤስ ኤስ አይው ይቆረጣል» በሚል ፍርሃት ስንት ወጣት ቤት ቀርቷል። ሒሳቡን እዩት። ከደሞዙ ላይ መጀመሪያ 20 ዶላር፣ ከዚያ 65 ዶላር አይቆጠርም፤ ከቀረው ግማሹ ብቻ ይቆጠራል። ሌላ ገቢ የሌለውና በወር 685 ዶላር የሚያገኝ ሰው፦ 685 ሲቀነስ 85፣ 600 ይሆናል፤ ግማሹ 300። በ2025 ሙሉው የፌዴራል ክፍያ 967 ዶላር ነበር፤ 300 ሲቀነስ 667 ይደርሰዋል። ደሞዙና ኤስ ኤስ አይው ሲደመሩ 1,352 ዶላር በእጁ ገባ፤ ቤት ቢውል የሚያገኘው 967 ብቻ ነው። የሚታሰበው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ደሞዝ መሆኑን አትርሱ።

ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ትምህርት ላይ ያለ ደግሞ ከዚህም የተሻለ አለው፤ በ2025 በወር እስከ 2,350፣ በዓመት እስከ 9,460 ዶላር ድረስ ደሞዙ ጨርሶ አይቆጠርም ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚስተካከል የዘንድሮውን ጠይቁ።

ማድረግ ያለባችሁ፦

1. ሥራ እንደጀመረ ለሶሻል ሴኩሪቲ አሳውቁ። የየወሩን ደሞዝ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ሪፖርት አድርጉ፤ በስልክ መተግበሪያም ይቻላል። ደሞዝ ወረቀቱን ሁሉ አስቀምጡ።
2. የባንክ ሒሳቡ ከ2,000 ዶላር አይለፍ። የሚተርፈውን ኤብል በሚባለው የቁጠባ ሒሳብ አስገቡ፤ እዚያ ያለ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስ ኤስ አይ እንደ ንብረት አይቆጠርም።
3. ደሞዙ አድጎ ኤስ ኤስ አይው ዜሮ ቢሆን ሜዲኬይዱ በዚያው ይጠፋል ብላችሁ አታቋርጡት። 1619 ቢ የሚባለው ደንብ፣ ገቢው በስቴቱ የተቀመጠውን ጣሪያ እስካላለፈ ሜዲኬይዱን ያቆይለታል።
4. ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጥቅማ ጥቅም አማካሪ ጠይቁ። ዊፓ የሚባለው ፕሮግራም ይህን በነጻ ይሠራል።

«በትርፍ ተከፍሏችኋል» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ፎልደር ውስጥ አትክተቱት። ሒሳቡ ስህተት ከመሰላችሁ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ጥፋቱ የእናንተ ካልሆነና መክፈል ካልቻላችሁ፣ ዕዳው እንዲሰረዝ የመጠየቂያ ፎርም አለ።

## ደረጃ 11፦ ኮቹ ሲቀንስ

ኮች ለዘለዓለም አጠገቡ አይቆምም፣ መቆምም የለበትም። ግን የሚወጣበት መንገድ አለው። ሰዓቱ የሚቀነሰው ወር ስለሞላ ሳይሆን ልጁ ሥራውን ስለያዘ ይሁን፤ የትኛውን ደረጃ ብቻውን እንደሚሠራ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ኮቹ ከመቀነሱ በፊት ከባልደረቦቹ አንድ ሰው ይለይ፤ ዕቃው ሲሰበር፣ ሺፍቱ ሲለወጥ፣ ሆዱን ሲያመው ልጁ የሚሄድበት ሰው። የዚያን ሰው ስምና ፎቶ ካርዱ ላይ አድርጉ።

ቮኬሽናል ሪሃብ ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስብሰባ ጥሩ፦ ልጁ፣ እናንተ፣ ካውንስለሩ፣ ድርጅቱ፣ ከዲ ዲ ኤ ወይም ከሲ ኤስ ቢ የመጣው አስተባባሪ። የረጅም ጊዜው ከፋይ ሥራ የሚጀምርበት ቀን፣ በወር ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይውጣ። በሁለቱ መካከል አንድ ሳምንት ክፍተት ካለ ፋይሉ እንዳይዘጋ ጠይቁ።

## ሲበላሽ

ካውንስለሩ ስልክ አይመልስም። በኢሜይል ጻፉ፣ ቀን ይኑረው። ሳምንት ካለፈ ለሱፐርቫይዘሩ ያንኑ ኢሜይል አስተላልፉ። ያም ካልሠራ በየስቴቱ ክላየንት አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል አለ፤ ቮኬሽናል ሪሃብን በሚመለከት በነጻ ይከራከርላችኋል። ቢሮው ራሱ የዚህን ፕሮግራም አድራሻ የመስጠት ግዴታ አለበት።

«ብቁ አይደለም» ተባለ። ውሳኔውን በጽሑፍ፣ በምክንያት ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ወራት አለፉ፣ ሥራ የለም። ድርጅቱ በየሳምንቱ የትኛውን አሠሪ እንዳነጋገረ ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝር ከሌለ ድርጅት የመቀየር መብት አላችሁ፤ ለካውንስለሩ ጻፉ።

«ሥራ አልሄድም» አለ። አትቆጡት፣ በልመናም አትላኩት። ምን እንደተለወጠ ፈልጉ፦ አዲስ አለቃ፣ አዲስ ማሽን፣ የተለወጠ ሺፍት፣ የሚያሾፍበት ሰው። መናገር ካልቻለ የሥራ ቦታውን ፎቶዎች አሳዩትና ፊቱን አንብቡ። በዚያው ቀን ለድርጅቱ ደውሉ።

ሰዓቱ ተቀነሰ ወይም ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ይህ የመባረር ዋዜማ ሊሆን ስለሚችል ኮቹ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ይግባ። ቮኬሽናል ሪሃብ ከቅጥር በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት አለ፤ ሥራውን ለማቆየት እንደሚያስፈልግ ገልጻችሁ ጠይቁ።

ተባረረ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በእክሉ ምክንያት እንደሆነ ወይም የጠየቀው ማመቻቸት ተከልክሎ እንደሆነ ካመናችሁ፣ ኢ ኢ ኦ ሲ ለሚባለው የፌዴራል ቢሮ 180 ቀን ሳያልፍ አቤት በሉ። ደሞዙ መቆሙን ለሶሻል ሴኩሪቲ ወዲያው አሳውቁ፤ ኤስ ኤስ አይው ወደ ሙሉው የሚመለሰው ሪፖርት ስታደርጉ ነው። ቮኬሽናል ሪሃብ ጋም ተመለሱና እንደገና አመልክቱ፤ በማመልከቻው ላይ የሠራበትን ቦታ፣ ጊዜውንና ኮቹ የጻፈውን የሥራ ዝርዝር አያይዙ።